ጋሼ ካፕቴን፣ እግዜር ይስጥልኝ

"ጣናን ልትፈጭበት ካልሆነ በቀር ይሄን ሞተር ዛሬ አልጭንልህም።"

ባሕር ዳር ወደቡ ላይ እንዲህ ብለው የመለሱኝን ሽማግሌ ነው ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ለሁሉም ጋሼ ካፕቴን ናቸው።

ደቅ ደሴት ላለው ወፍጮ ቤታችን የናፍጣ ሞተር ገዝቼ ወደቡ የደረስኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሐይቁ ከዳር ሲያዩት ጸጥ ብሏል። አንድ ባለጀልባ በርካሽ ልጫንልህ አለኝ። ጋሼ ግን በአገጫቸው ወደ ደቅ እያመለከቱ "ነፋሱ መሀል ላይ ነው የሚጠብቅህ" አሉ። የአልጋውን ማን ሊከፍልልኝ ነው ብዬ እያጉረመረምኩ አደርኩ። ያ ባለጀልባ የሌላ ሰው ስኳር ጭኖ ወጣ። ማታ ጆንያው ረጥቦ ተመለሰ።

ጣና ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ጥልቀቱ እያሉ የሚንቁት አሉ። እሱ ነው እኮ ጉዱ! ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በተንጣለለ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው፤ ፋታ አይሰጥም።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጫንን። ሞተሩን መሀል ላይ፣ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከውሃው እስከ ጀልባዋ ጠርዝ በስንዝር ለኩ። በግራ ሁለት ስንዝር፣ በቀኝ ጎደል ይላል። ሁለት ጆንያ ጨው ወደ ግራ አስዛወሩና እንደገና ለኩ። "አሁን ሂዱ።"

ጋሼ ሥራ የጀመሩት በደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት በማመላለስ ነው። ኋላ ትልቁ መርከብ ላይ ገብተው በደቅና በቁንዝላ በኩል እስከ ጎርጎራ ሰውና እህል ሲያጓጉዙ ኖሩ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ እምቦጭ ሲመጣም አረሙ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም እንዴት እንደሚፈታ ለልጆቹ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አሁን መሪ የሚይዙት ያሳደጓቸው አራት ልጆች ናቸው። እኔንም ያደረሰኝ አንዱ ነው፤ እሱም እንደ ጋሼ ወሬ አያበዛም።

ወደ ደሴቶቹ ከባድ ዕቃ የምትልኩ ካላችሁ ወደቡ በር ላይ ጋሼ ካፕቴንን ጠይቁ። ዋጋቸው ትንሽ ወደድ ይላል፣ አልዋሽም። ስልክ ደግሞ አያነሱም፤ በአካል መሄድ ነው።

ወፍጮው ሥራ ሲጀምር እናቴ የመጀመሪያውን ዱቄት ለጋሼ ላከችላቸው። ስንት ሰዓት ላይ እንደተጫነ ጠይቀውኝ ነው የተቀበሉት።