ኮቦ ክላራ ቢደብሊው፦ አማርኛ ሲጫንበት እንዴት ነው?

ኮቦ ክላራ ቢደብሊው ባለ 6 ኢንች፣ ጥቁርና ነጭ ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ዋጋው 130 ዶላር ገደማ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ዋጋው ያመጣው ሰው የጠራው ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ስለዚህ ዕቃ የተጻፈ ሞልቷል። እዚህ የምንፈትሸው አማርኛ ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ነው።

ባጭሩ፣ መጽሐፉ በወጉ የተተየበ ኢፐብ (ፊደሉ እንደ ስክሪኑ የሚሰፋና የሚጠብ የመጽሐፍ ፋይል) ከሆነ ከወረቀት የማይተናነስ ንባብ ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ የተጠራቀመ የስካን ፒዲኤፍ ሊያነብበት የሚገዛው ግን ብሩን ኪሱ ውስጥ ቢያቆየው ይሻለዋል።

መጀመሪያ ስክሪኑ። ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ ነው፤ 1072 በ1448። ለግዕዝ ፊደል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ሉ» እና «ሊ»ን አስተያዩ፤ የሚለያዩት ከቀኝ እግሩ የወጣችው ጭረት አንዱ ላይ ወገቡ ጋ፣ ሌላው ላይ እግሩ ሥር በመሆኗ ብቻ ነው። «ሌ» ላይ ደግሞ ታች ወርዳ ትጠቀለላለች። ደብዛዛ ስክሪን ላይ ሦስቱ አንድ መስለው አንባቢው ከዐውዱ እየገመተ ይሄዳል። እዚህ ግን ፊደሉ አነስ ቢል እንኳ አይምታቱም። መብራቱ ከነጭ ወደ ብርቱካናማ ስለሚቀየር መብራት በጠፋበት ምሽት ዓይን ሳያደክም ያስነብባል።

አማርኛ መጽሐፍ ገልብጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ቢደረደርበት ማንም አይደንግጥ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ከመሣሪያው ጋር የመጡት ፎንቶች ግዕዝ ስለሌላቸው ነው። በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙት እንደ ፍላሽ ይከፈታል። እዚያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሳትገቡ፣ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር በትንንሽ የላቲን ፊደላት ፍጠሩና ፎንቱን ጨምሩ። በሥርዓቱ «ኢጀክት» ካላችሁ በኋላ መጽሐፉን ክፈቱ፤ ገጹን መሐሉ ላይ ነክታችሁ ከፊደል ምልክቱ ሥር አዲሱን ፎንት ምረጡ።

የትኛውን ፎንት? አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ ነው፤ መልኩም የብራና ጽሕፈት ወዝ አለው። ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ በኢ-ኢንክ፣ ማለትም ወረቀት በሚመስለው የኢ-ሪደር ስክሪን ላይ፣ ቀጭን ጭረቶቹ ሳሳ ይላሉ፤ የምዕራፍ ርዕስ የሚደምቅበት የራሱ ቦልድም የለውም። ለረጅም ልብ ወለድ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እንመርጣለን። ከጉግል ፎንትስ ሲወርድ አብሮት «ስታቲክ» የሚባል ፎልደር ይመጣል፤ የሚገለበጠው እዚያ ውስጥ ያለው ነው፣ ውጭ የተቀመጠው ባለ ተለዋዋጭ ውፍረቱ ፋይል ለኮቦ አይስማማም። የፋይሉ ስም የፎንቱ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ «ሬጉላር» ወይም «ቦልድ» በላቲን መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መሣሪያው ሁለቱን እንደ አንድ ቤተሰብ አያያቸውም።

ከዚያ የመስመር አሰላለፍ አለ። ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ የሚያሰልፈውን ምርጫ ትታችሁ በግራ ብቻ አሰልፉ። «እንደማይመለሱላቸውም» ዓይነት ቃል በ6 ኢንች ስክሪን ላይ የመስመሩን ሲሶ ይወስዳል። መሣሪያው የአማርኛን ቃል የት እንደሚቆርጥ ስለማያውቅ ቃሉን እንዳለ ወደ ታች ይጥለውና የቀሩትን ሦስት አራት ቃላት እንደ ወላቃ ጥርስ አራርቆ ይተዋቸዋል።

አሁን ወደ ፒዲኤፉ እንምጣ፤ ቅሬታ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ኤ5 መጽሐፍ 14.8 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የዚህ ስክሪን ስፋት 9 ገደማ ነው። በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል ወደ 7 ይወርዳል ማለት ነው። ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ብሪስ በሚባለው የፒዲኤፍ መቁረጫ ፕሮግራም ከቆረጣችሁለት ወደ 10 ይመለሳል፤ ይህ ይነበባል። የተቆረጠውን ገጽ አግድም ማዞርም ይቻላል፤ ፊደሉ ከታተመው እንኳ ይበልጣል፣ ግን አንድ ገጽ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተገፋ ነው የሚያልቀው። ፋይሉ 80 እና 100 ሜጋባይት ከሆነ ደግሞ ገጽ በተገለጠ ቁጥር መጠበቅ አለ። ኮ-ሪደር የሚባለውን ነፃ የማንበቢያ ፕሮግራም መጫን ኅዳጉን በራሱ እንዲቆርጥ ያደርጋል፤ የኮቦን የራሱን ሶፍትዌርም አያጠፋም።

«ወደ ኢፐብ ልቀይረው» የሚል ሰው መጀመሪያ ፋይሉን ይፈትን። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ መልእክት መጻፊያው ውስጥ ለጥፉት። አማርኛው ከወጣ ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል ኮድ ነው፤ ካሊበር የሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፕሮግራም ይቀይረዋል። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ሲነሣ ከሥር ያለው ላቲን ይገለጣል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ግድ ነው። ምንም ኮፒ ካልሆነ ፎቶ ነው፤ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያወጣው ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራም አማርኛን ያነብባል፣ ነገር ግን የሚመሳሰሉ ፊደላትን እያቀያየረ ስለሚያወጣ አርመው የማይለቁት ከሆነ ባይጀምሩት ይመረጣል። (ደራሲው በሕይወት ያለና መጽሐፉ መደብር የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ትቶ መግዛት አለ።)

ከአማዞኑ ኢ-ሪደር ከኪንድል ጋር ለሚያወዳድር፦ ኪንድልም ፎንት ያስጭናል፤ ኢፐብ ግን በገመድ ገልብጠው ቢያስቀምጡለት አይከፍትም፣ በአማዞን በኩል ተልኮ ወይም አስቀድሞ በካሊበር መቀየር አለበት። ኮቦ እንደተገለበጠለት ይከፍታል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ድካም ይቀንሳል።

ስለሚያነበው መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው የሚጎድሉት ነገሮች አሉ። የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍም ሆነ መጽሐፉ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም። የአማርኛ መዝገበ ቃላትም የለውም። ማስመር ግን ኢፐብ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ያሰመሩበትን በካሊበር አውጥቶ ለጽሑፍ መጠቀም ይቻላል። ስካን ላይ ይህም የለም፣ የሚሰመርበት ጽሑፍ ስለሌለ።

ውኃ አይበግረውም፤ ደረጃው አይፒኤክስ 8 ነው። የሚገድለው ጫና ነው። ከስክሪኑ ሥር ያለው ስስ መስታወት ስለሆነ የታጨቀ ቦርሳ ውስጥ ክርን ወይም የቻርጀር ጫፍ ቢጫነው ውጩ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ይሰበራል፤ የማይጠፉ መስመሮች ይቀራሉ። ጠንካራ ሽፋን አብራችሁ ግዙ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ገጽ አስከፍታችሁ እዩ፤ የተጎዳ ስክሪን እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከሻጩ አካውንት እንዲወጣም መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት። የራሳችሁን መሣሪያ የምትመልሱት ከሆነ ግን ያሰመራችሁበት ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ በገመድ አገናኙና ከፊቱ ነጥብ ያለበትን «ኮቦ» የሚለውን ድብቅ ፎልደር እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት።