የቤተሰብ ዕቃ ለጥገና የምትሰጡ ተጠንቀቁ! አዳማ ላይ ዛሬ የደረሰብኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የቅድመ አያቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበረን። በባልጩት የሚሠራ የጥንት ነው፤ ባልጩቱ ብረቱን ሲገጨው ብልጭታው ትንሿ የባሩድ ሳህን ላይ ይወድቃል። ቆቅና ጅግራ ያድኑበት ነበር። ሰደፉን ምስጥ ጨርሶት የተረፉን ሁለቱ አፈሙዞችና የቀኙ መምቻ (ባልጩቱና ሳህኑ ያሉበት ክፍል) ብቻ ናቸው። እሳቱ ከሳህኑ ወደ አፈሙዙ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ድሮ ተደፍነዋል፣ ወረቀትም አለው። የዋንዛ ሰደፍ ተሠርቶለት፣ የጎደለው በአሮጌ ዕቃ ተሟልቶ፣ አባቴ ሳሎን እንዲሰቀል ነበር ሐሳቤ።

የወርክሾፑን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቀብድ እስኪቀበል «ወንድሜ አታስብ»፣ ከዚያ «አርብ ና»፣ ከዚያ «መብራት ጠፍቶ ነው»። ሁለት ወር ተመላለስኩ።

ዛሬ በጆንያ ጠቅልሎ አቀረበልኝ። ቀሪውን 9,000 ብር በቴሌብር ላኩለት። ሳልፈታው! ገመዱን የፈታሁት ብሩ ከገባለት በኋላ ነው።

የኛ አፈሙዝ ደማስቆ የሚሉት ነው። ቀጫጭን የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አብረው ተጠማዘው፣ ተጠቅልለው፣ እየጋሉ ተቀጥቅጠው ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ እንደ እንጨት ልብ የሚዞር መስመር አለው። ልጅ ሆኜ በዘይት ስወለውለው ያንን መስመር በጣቴ እከተለው ነበር።

ይሄኛው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሽታው እንኳ አልለቀቀም። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር አብለጨለጨ። ወደ ብርሃን አዙሬ በአፉ ተመለከትኩ። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የብየዳ መስመር! የውሃ ቧንቧ ነው። ሁለት የውሃ ቧንቧ ጎን ለጎን በይዶ ሰጠኝ። የግራው መምቻ ደግሞ የቀኝ ዕቃ ተገልብጦ የተገጠመ ነው፤ የባሩዱ ሳህን ወደ መሬት ያያል።

«የቅድመ አያቴ ብረት የታለ?» አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። «ያ ዝጎ ነበር፣ ጣልነው። ደግሞ ልትተኩስበት ነው እንዴ? ለግድግዳ ነው።» ልጆቹ ሳቁ። አንዱ «ቁራሌው ወስዶታል» አለ። ሁለት የተለያየ መልስ፣ በአንድ ትንፋሽ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ደማስቆ መሆኑን፣ እንደዚህ ያለ ብረት ዛሬ በቀላሉ እንደማይገኝ፣ ቁጭ ብዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ዋጋውን በገዛ አፌ ነገርኩት። አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳሁም። ምን ብዬ ልክሰስ?

ዕቃ ስትሰጡ ፎቶ አንሱ፣ በጽሑፍ ተፈራረሙ፣ ሳትፈቱ አትክፈሉ። አዳማ ውስጥ ቁራሌ ዘንድም ሆነ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ጋ እንዲህ መስመር ያለው ጥንድ አፈሙዝ ያየ ሰው እባካችሁ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ለአባቴ ገና አልነገርኩትም። ሚስማሩን ትናንት መትቶ እየጠበቀ ነው።