ጀርመን ሼፐርድ ወይስ ማልቲዝ? ሁለቱንም ጅማ ላይ አሳድጌ ያየሁት

ጀርመን ሼፐርዳችንን መብረቅን ያመጣነው የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ ነው፤ ጆሮዎቹ ገና አልቆሙም ነበር። ያኔ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ተከራይተን ግቢውን ከሌላ ሁለት ቤተሰብ ጋር እንጋራለን። ባለቤቴ የፈለገው ሌባ የሚፈራው ውሻ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ቡና አይጠፋም፣ ሌሊት ደግሞ ጠባቂ የለንም።

በጥበቃ በኩል ጀርመን ሼፐርድን የሚያህል አላየሁም። የግቢውን ሰው በእግር ኮቴ ይለያል። “ተቀመጥ”ን በሁለት ቀን ለመደ። ዓመት ሳይሞላው ግን ከ30 ኪሎ አለፈ፤ ወንዱ እስከ 40 ይደርሳል። የተጋራ ግቢ ስለሆነ ቀን ቀን እናስረው ነበር። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዘር ጀርመን አገር በ1899 እ.ኤ.አ. በአንድ የጦር መኮንን አማካይነት ከበግ ጠባቂ ውሾች ተመርጦ የወጣ ነው። ሲሮጥና ሲሠራ መዋል በደሙ ውስጥ ነው። መብረቅ ሰንሰለቱን እየጎተተ የአንገቱ ጸጉር ተመለጠ። የታሰረበትን ግንድ ሲዞር ዙሪያው ጉድጓድ ሆነ። አንድ ቀን ስንፈታው በደስታ ዘሎ የአምስት ዓመት ልጄን ጣላት፤ አገጯ ተሰነጠቀ። አልነከሳትም፣ ክፋትም የለውም። ጥፋቱ የኛ ነው።

አከራያችን ሐጂም ተቸግረው ነበር። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ሳያጥቡ መስገድ አይችሉም፣ መብረቅ የታሰረው ደግሞ በር ላይ ነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ሰብስበው በጥግ ሲያልፉ እያየሁ ይከብደኝ ነበር። ጅማ ውስጥ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት ጎረቤት አነጋግሩ።

መብረቅን ሰቃ ለሚኖር አጎቴ ሰጠሁት። ቡና ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል። ያ ውሻ ነው ብላችሁ አታምኑም።

አሁን ያለችን ቡቺ ናት፤ ማልቲዝ የሚባለው ትንሽ ነጭ ውሻ፣ ሦስት ኪሎ። ቤት ውስጥ ለምትውለው እናቴ ጓደኛ ሆናለች። በቀን ሁለት ጊዜ አጭር የእግር ጉዞ ይበቃታል። ጸጉሯ እንደ ሼፐርዱ ምንጣፉን አይሞላም፤ የመብረቅ ጸጉር በሚረግፍበት ወቅት በቀን ሁለቴ እጠርግ ነበር። ግን ማልቲዝን ቀላል ውሻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ጸጉሯ ማደጉን አያቆምም፣ አንድ ቀን ካላበጠርኩት ይቋጠራል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቀዩ ጭቃ ነጭ ጸጉር ላይ ሲደርቅ ሊያስለቅስ ይችላል። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ አሳጥሬ እቆርጥላታለሁ። የዓይኗን ሥር በየጠዋቱ በለብ ያለ ውኃ እጠርጋለሁ። ጥርሷም ክትትል ይፈልጋል፤ ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል።

ምግብ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለ35 ኪሎ ውሻ ብዙ የማይመስል ፍርፋሪ ለሦስት ኪሎዋ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምሰጣት ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ ነው። ቡናም እንደዚያው ውሻን ይጎዳል፤ ሲለቀም የወደቀውን እንዳትበላ ቡና በተሰጣ ሰሞን ብቻዋን አትወጣም። ማታ ከጨለመ በኋላማ በፍጹም፤ ጅብ ሰፈር ውስጥ ይገባል።

ሌባ ታባርራለች? አታባርርም። ግን ኮሽ ሲል ትጮኻለች፣ እኛም እንነቃለን። ለኛ ቤት ይህ በቅቶናል።

ክትባት ላይ ሁለቱ አይለያዩም። “ቤት ውስጥ ነው የምትውለው፣ የእብድ ውሻ ክትባት ምን ያደርግላታል?” ያሉኝ ብዙ ናቸው። ያስፈልጋታል። ሦስት ወር ሲሞላቸው አስከትቡ፣ ቀጣዩን ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ድገሙ።

ዋጋ አልጽፍም፤ በየወሩ ይለዋወጣል።

ታናሽ እህቴ ሰሞኑን የትኛውን ላምጣ ብላ ደወለችልኝ። አጋሮ ላይ ሰፊ የራሷ ግቢ አላት፣ ባሏ በየጠዋቱ ይሮጣል፣ ልጆቿም አድገዋል። ሼፐርድ አምጪ አልኳት፣ በተለይ ሴቷን፤ ከወንዱ ክብደቷ ይቀንሳል። ቡችላዋ ከመምጣቷ በፊት ግን አጥሩን ጨርሱ ብያታለሁ።