የቆሽት ቀዶ ሕክምና፦ ላፓሮስኮፒ ወይስ ሮቦት?

ሁለቱም የቆሽት ዕጢን ለማውጣት ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች የሚሠሩ ናቸው።

አሠራር፦ በላፓሮስኮፒ ሐኪሙ ከታካሚው አጠገብ ቆሞ ረጃጅም መሣሪያዎችን በእጁ ይይዛል። በሮቦት ደግሞ ራቅ ብሎ ተቀምጦ የማሽኑን ክንዶች ያዛል። ሮቦቱ በራሱ ወስኖ አይቆርጥም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ስለሆነ ልብ በሉ።

ወጪ፦ ላፓሮስኮፒ ይረክሳል። የሮቦቱ መግዣም ጥገናውም ውድ ነው።

ቅለት፦ እዚህ ላይ ዕጢው ያለበት ቦታ ይወስናል። የቆሽት ጭራ ሲወጣ መልሶ የሚቀጠል አካል አብዛኛውን ጊዜ የለም። የቆሽት ጭንቅላት ሲወጣ ግን (ቀዶ ሕክምናው ዊፕል ይባላል) ቀሪው ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው ከአንጀት ጋር እንደገና ይሰፋሉ። እንደ እጅ አንጓ የሚታጠፉት የሮቦቱ መሣሪያዎች ለዚህ ረቂቅ ስፌት ይመቻሉ።

አደጋ፦ ከስፌቱ ወይም ከተቆረጠው ጫፍ የቆሽት ፈሳሽ መፍሰስ በሁለቱም ያሰጋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዊፕልን በላፓሮስኮፒና በክፍት ቀዶ ሕክምና ያነጻጸረው ሊዮፓርድ-2 የተባለ ጥናት ለታካሚዎች ደኅንነት ሲባል ቀድሞ ቆሟል። በ90 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምናው ባስከተለው የጤና ችግር በላፓሮስኮፒ ከ50 ታካሚዎች 5፣ በክፍት ከ49 አንድ ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እኔ ቀላል አድርጌ አላየውም።

ለማን? ዕጢው ጭራው ላይ ከሆነና ሐኪሙ ከለመደው ላፓሮስኮፒ ይበቃል። ለዊፕል ሮቦት የሚመረጠው ቡድኑ በዚሁ ሠልጥኖ ብዙ ከሠራ ነው። ዕጢው ዋና የደም ሥር ከያዘ ወይም እንዲህ ያለ ቡድን ከሌለ ክፍት ቀዶ ሕክምናን አትሽሹ። ሐኪሙን «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።