ሁለት ሞኒተር፣ አንዱ የቆመ፦ ከወራት በኋላ

ማርቆስ ላይ የኮምፒውተር ጽሁፍ ነው የምሰራው፣ መመረቂያ ጽሁፍ፣ ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመጣውን ሁሉ። ከጥቅምት ጀምሮ በሁለት ሞኒተር ነው የምሰራው፣ የሰኔን የተመራቂ ግርግርም ስላለፍኩበት አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ኮምፒውተሩ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው፣ ሞኒተሮቹ ሁለቱም ዴል ፒ2419ኤች፣ እነሱም ያገለገሉ። ግራፊክስ ካርድ አልገዛሁም፣ ከጀርባው የሞኒተር መሰኪያ ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ኬብሉን ሰክቶ ዊንዶውና ፒ ተጭኖ ኤክስቴንድ (አንዱን ስክሪን ወደ ሌላው ማስቀጠል) ማለት ነው፣ አለቀ።

ትልቁ ነገር ግን አንዱን ማቆሜ ነው። ይሄ ሞኒተር እግሩ ላይ ይዞራል፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ ፖርትሬት ስትሉት ኤፎር ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪው አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ ያረመለትን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እሱን የቆመው ላይ እከፍታለሁ፣ የምጽፍበትን ማይክሮሶፍት ወርድ ደግሞ ፊት ለፊቴ የተኛው ላይ፣ በቃ ድሮ አልት ታብ እያልኩ የቱ መስመር ላይ ነበርኩ እያልኩ ስፈልግ የሚሄደው ጊዜ ቀረ፣ እርማት መዝለልም በጣም ቀነሰ፣ ሰንጠረዥ የሚበዛበት ምዕራፍ አራት ላይማ ልዩነቱ አይወራም!

ለማቆም ካሰባችሁ ፓነሉ (የስክሪኑ አይነት) አይፒኤስ የሚባለው መሆኑን ጠይቁ፣ ቲኤን የሚባለው ከሆነ ሲቆም ቀለሙ ከግራና ከቀኝ ይለያይና አይን ያደክማል። አይፒኤስም ቢሆን ፊደል የሚያጠራው የዊንዶውስ ክሊርታይፕ የተሰራው ለተኛ ስክሪን ስለሆነ ሲቆም የፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ የቆመው ለማንበብ፣ የተኛው ለመጻፍ። ማውሱ ጠርዝ ላይ እየተያዘ አላልፍ ካላችሁ ደግሞ ሴቲንጉ ላይ ያሉትን ሁለት ሳጥኖች ሞኒተሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡት አድርጋችሁ ጎትቷቸው።

የሚያናድደው መብራት ነው። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ሲፒዩው ብቻ ተሰክቶ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሞኒተሮቹ ይጠፋሉ፣ በዲስፕሌይፖርት የተሰካ ሞኒተር ሲጠፋ ዊንዶውስ 10 እንደተነቀለ ስለሚቆጥረው መብራቱ ሲመጣ የከፈታችሁት ሁሉ አንዱ ስክሪን ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ዊንዶው፣ ሺፍትና የጎን ቀስት ስትጫኑ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ቦታውን የሚያስታውስ ሴቲንግ አለ። እኔ ግን ሁለቱንም ሞኒተሮች ዩፒኤሱ ላይ ሰክቼ ተገላገልኩ፣ አንዱ በተለምዶ 20 ዋት እንኳን አይሞላም።

ሶስተኛ ጨምር የሚሉኝ አሉ፣ ኤችዲኤምአይው ክፍት ነው፣ ግን ለጽሁፍ ስራ ሁለቱ ይበቃሉ፣ ብሩን ለዩፒኤስ ባትሪ ባውለው ይሻለኛል።