ካላዛር ክፍል ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ለአንዷ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይሄን ልጽፍ እየጀመርኩ እንባዬ እየቀደመኝ ስንቴ ትቸዋለሁ። ዛሬ ግን ወንድሜ ድኖ ቤቱ ስለገባ እንደምንም ልጨርሰው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካላዛር (በረሃ ላይ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስይዘው በሽታ) ማከሚያ የምትሰሩ ዶክተሮች፣ ነርሶች፣ የላብራቶሪ ልጆች፣ ጽዳቶችም ጭምር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ አንብቡት፣ በተለይ መተማና ሁመራ ለስራ ልጅ የላካችሁ።

ወንድሜ ክረምት ላይ ለሰሊጥ አረም ብሎ መተማ ወረደ፣ ከዛ አጨዳውንም ሰርቼ ልምጣ ብሎ እዛው ቆየ። ሲመለስ ያ ልጅ አይደለም። ፊቱ ጠቁሮ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ሆዱ ብቻ ተወጥሮ። ትኩሳቱ ይነሳል ይተኛል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ አፍንጫው ይነስረዋል፣ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች የሚዳሰስ ጠጣር ነገር አለ፣ እናቴ ቅቤ እየቀባች ታሸው ነበር።

ያልወሰድነው ቦታ የለም። ስም አልጠራም፣ ልቤ ግን እስካሁን አልበረደም። አንዱ ጋ ወባ ነው ተባለ፣ ኪኒን ተሰጠን። ሌላው ጋ ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎበታል ተባለና ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ መርፌ ተወጋ። በሄድን ቁጥር ካርድ እንደ አዲስ፣ ደም ምርመራ እንደ አዲስ፣ አልትራሳውንድ እንደ አዲስ፣ ብሩ ብቻ ይቆጠራል። እናቴ የወተት ላሟን ሸጠች። አንዱማ ከስልኩ ቀና ሳይል "ኤችአይቪ ይመርመር" ብሎ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ተናገረ፣ ምርመራው ምንም ክፋት የለውም፣ ግን እናት ፊት እንደዛ ይባላል? ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከነዛ ሁሉ ሰዎች አንድም "የት ሰርተህ ነው የመጣኸው?" ብሎ የጠየቀው አለመኖሩ ነው። አንዲት ጥያቄ እኮ ናት!

በመጨረሻ የነገረን ሀኪም አይደለም፣ ጎረቤታችን ነው። አርማጭሆ በረሃ ሰርቶ የሚያውቅ ሰውዬ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ሆዱን እንዳየው "ይሄማ ካላዛር ነው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት" አለን። በባጃጅ ይዘነው ሄድን።

እዛ እንደደረስን የተቀበለችን ሲስተር ገና ሳይቀመጥ "መተማ ነበርክ? ማታ የምትተኙት የት ነው፣ ግራር ስር?" አለችው። አዎ ሲላት ራሷን ነቀነቀች። እኔ ያን ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰው፣ የሚያውቅ ሰው እጅ ገባን አልኩ። ጣቱን ወግተው በደሙ የሚያዩት ምርመራ አለ፣ እሱ ብዙም አልቆየም። ቀጥሎ ግን ከጣፊያው በመርፌ ናሙና ይወሰዳል ሲሉን እናቴ ጉልበቷ ከዳት። "ልጀን ጣፊያውን ከምትወጉብኝ ወስጀ ቤቱ ይሙት" ብላ ተነሳች።

ሌላ ቦታ ቢሆን "ካልፈለጋችሁ ፈርማችሁ ውጡ" ነበር የምንባለው። ይቺ ልጅ ግን መጥታ እናቴ ፊት ቁጢጥ አለችና እጇን ይዛ "እማማ ይስሙኝማ፣ ዝም ብለን አንወጋም፣ መጀመሪያ ደሙ ይረጋል አይረጋም የሚለውን እናያለን፣ ካልሆነ አንነካውም፣ እኔም ከጎኑ ነኝ" አለቻት። እናቴን እስኪገባት ድረስ ደጋግማ፣ ሳትሰለች አስረዳቻት። ከዛ ገቡ። በሩ ጋ ቆሜ "ትንፋሽህን ያዝ" ስትለው ሰማሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ሳልጨርስ "አለቀ ጎበዝ!" አለችው። ከዚያ በኋላ ሳይንቀሳቀስ በጀርባው መተኛት ነበረበት፣ እየመጣች ግፊቱን ትለካለች፣ እናቴን "እማማ እህል ቀምሰዋል?" ትላታለች። ተራዋ አልቆ ጋወኗን አውልቃ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል እንኳ ከበር ተመለሰች፣ "አንዴ ልየው፣ አለበለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም" ብላ። እንዲህ አይነት ሰው አለ በሉኝ!

ህክምናው መርፌ ነው፣ በየቀኑ ሁለት፣ ለ17 ቀን። ስማቸውን ነግረውኝ ነበር አልያዝኩትም። ያማል፣ ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚወጋው፣ እሷ ግን ሁሌ "ዛሬ የየትኛው ጎን ተራ ነው?" ብላ ትናንት ያልተወጋውን ትመርጥለታለች። ለመድኃኒቱ ደግሞ አንድ ብር አልከፈልንም፣ ነፃ ነው። ላም ሸጠን ያላገኘነውን ማለት ነው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አንድ ጠዋት "እንጀራ በሽሮ አምጡልኝ" ሲል እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሲስተር ሮጣ መጥታ ነገሩን ስትሰማ እሷም አለቀሰች።

ዋርዱ ውስጥ ከሊቦ ከምከም የመጡ አስታማሚ አባት ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. እነሱ አገር ይሄው በሽታ ገብቶ መጀመሪያ ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው እንዳለቀ ሲያጫውቱን አደሩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶም የኛን ልጅ ወባ ነው አሉት፣ እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው እኮ፣ ከታከመ ግን ይድናል።

ስለዚህ እናቶች አባቶች፣ ልጃችሁ ከበረሃ መጥቶ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ፣ ከከሳ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ እባካችሁ በየቦታው ብር አትጨርሱ፣ ቀጥታ ካላዛር ማከሚያ ውሰዱት። የትም ስትሄዱ ደግሞ ባይጠይቋችሁም መተማ ነበር፣ ሁመራ ነበር ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። የሚያስይዘው በማታ የምትነክስ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት፣ ሲስተር ወንድሜን ስትሸኘው ግራር ስር ወይ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ እንዳይተኛ፣ አጎበር እንዳይለየው አስጠንቅቃዋለች። ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት፣ እኔው ራሴ ነኝ የምወስደው።

ሲስተር፣ ስምሽን እንዳልጽፍ ስለለመንሽኝ ነው የተውኩት፣ ይሄን ካነበብሽ ግን አንቺ እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ። እናቴ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስትሄድ ከልጆቿ እኩል ስምሽን ጠርታ ነው የምትጸልየው። የወለድሽው ይባረክ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ክፉ አይንካሽ።

ሼር አድርጉት፣ በረሃ ያለ ልጅ ላለው ሰው ይድረስ። መንገዱ የጠፋው ከገጠር የመጣ ታማሚ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ ማራኪ ሰፈር ነው ያለሁት፣ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ይዠው እሄዳለሁ።