ለመንዝና ለጣርማ በር መንገድ የትኛው ጎማ? ባለ ሚስማር፣ የጭቃ ወይስ ሁለገብ

የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ባለ ሚስማር ጎማ የገጠመ ፎር ዊል በረዶ ላይ ሲጋልብ ያየ ሰው፣ ለእኛም ደጋ ይሄ ነው የሚሆነው ማለቱ አይገርምም። የሰሜን ሸዋ ብርድ ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 በላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል።

ሚስማሩ ግን የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። ከጎማው ጥርስ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በጠንካራው የተንግስተን ካርባይድ ጫፉ የረጋ በረዶ ይነክሳል። ፊንላንድና ስዊድን ውስጥ መንገዱ ለሳምንታት በረዶ ስለሚጋግር ዋጋው ይወጣል። የእኛ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይጠፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ሚስማሩ የሚነክሰው ያጣል። ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል፣ ይንጫጫል፣ እየላላ ይረግፋል፣ መንገዱንም ይቦረቡራል። ጀርመን ከጥቂት ቦታ በቀር የከለከለችው በዚሁ ጉዳት ነው። ስለዚህ አትግዙት።

እኛን የሚይዘን ጭቃ ነው። ክረምት ላይ መረሬ መሬት የረገጠ ሰው ያውቀዋል፦ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። የጭቃ ጎማ እዚህ ጀግና ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ እየተሽከረከረ ጭቃውን ይተፋል። ችግሩ አስፋልት ላይ ነው። መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት በመሆኑ በዝናብ ፍሬኑ ይረዝማል። ጣርማ በርን በጉም አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ይሄ ቀልድ አይደለም። ነዳጅም ይበላል፣ ድምፁም ያደነቁራል። መኪናው ክረምቱን ሙሉ ከገጠር መንገድ የማይወጣ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት እሱን ግዙ።

ለብዙዎቻችን የሚሻለው ሁለገቡ ነው፤ ነጋዴዎች ኤቲ የሚሉት። ከደብረ ብርሃን አስፋልቱን ይዞ፣ ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ለሚታጠፍ ሰው እኔ የምመክረው ይሄንን ብቻ ነው። ፒስታ ላይ ድንጋይ ይችላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ይታመናል። ጥርሱ ላይ ሲሠራ የተበጀ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለውን ምረጡ፤ ለጠዋት ውርጭና በረዶ ጥሎ መንገዱ ሲነጣ የሚይዘው እሱ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካለ፣ በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ከባድ ጭቃ የሚገጥማችሁ አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ሁለገብ ጎማ ላይ የጎማ ሰንሰለት ጨምራችሁ ያዙ። ጭቃው ሲያልቅ ወዲያው ፍቱት፤ አስፋልት ላይ ሰንሰለቱም ጎማውም ያልቃሉ። ጭቃ ውስጥ ነፋስ ትንሽ መቀነስም ይረዳል፣ መንፊያ ከያዛችሁ።

አንድ ነገር ሳታዩ ብር አትክፈሉ፦ ጎኑ ላይ የታተመውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር። 2523 ካለ፣ በፈረንጆች 2023 በ25ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ላስቲክ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ በብርድ ጠዋት መንገድ አይዝም።